ማስተዋል በየትኛው ዕድሜ ትገኛለች?



አባቶቻችን ሁለት ተረቶች ትተውልናል። አንደኛው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ይላል። የመጀመሪያው ወጣቱን «ገና ነህ፣ ቆይ» ይለዋል፤ ሁለተኛው ሽማግሌውን «ጊዜህ አልፏል፣ ተው» ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመለከታቸው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጅ ገና ከሆነ፣ ሽማግሌም ካለፈበት፣ ሰው በትክክል የሚያስብበትና ለችግሩ መፍትሔ የሚያገኝበት ዕድሜ የትኛው ነው? በመካከል ያሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ናቸውን?

ይህ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። በየቤታችንና በየማኅበራችን ስለ ጋብቻ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ውርስ፣ ከአገር ስለ መውጣት በየጊዜው ውሳኔ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ማን ይናገር፣ ማንስ ያዳምጥ የሚለው የሚወሰነው ስለ ዕድሜና ስለ ማስተዋል ባለን እምነት ነው። እምነታችን የተዛባ እንደ ሆነ መነገር የሚገባው ሳይነገር ይቀራል፤ ከዚህም የተነሣ ቤት ይፈርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ የሰው አሳብ ከሕፃንነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚያድግ፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንት መርምረው ካገኙት ጥቂቱን እያነሣንና ከአገራችን ልማድ ጋር እያገናዘብን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሕፃን አሳብ

የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ዣን ፒያዤ (1896–1980) በወጣትነቱ በፓሪስ ከተማ በልጆች የአእምሮ ፈተና ላይ ይሠራ ነበር። የሥራው ዓላማ ትክክለኛውን መልስ መቁጠር ሲሆን፣ የእርሱን ልብ የሳበው ግን የተሳሳተው መልስ ነው። በአንድ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ መሆኑን አስተዋለ። ስሕተታቸው መልክ ካለው ከስሕተቱ በስተጀርባ የራሱ ሥርዓት ያለው አሳብ አለ ማለት ነው ብሎ፣ ቀሪ ዘመኑን ይህንኑ ሲመረምር ኖረ።

ከሙከራዎቹ አንዱን ማንም ሰው በቤቱ ሊያየው ይችላል። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ይቀዳና በአራት ወይም በአምስት ዓመት ልጅ ፊት ይቀመጣል። ልጁ «እኩል ነው» ይላል። ከዚያም ዓይኑ እያየ የአንደኛው ውኃ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ይገለበጣል። አሁን ሲጠየቅ «በረጅሙ ያለው ይበልጣል» ብሎ ይመልሳል። የተጨመረም የተቀነሰም ነገር የለም፤ ነገር ግን የውኃው ከፍታ ዓይኑን ማርኮታል። ይኸው ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው በጥያቄያችን ይሥቅብናል፤ «መልሳችሁ ብትገለብጡት ያው ነው» ይላል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ማንም ቁጭ አድርጎ «ውኃ በዕቃ ለውጥ አይጨምርም» ብሎ አላስተማረው ይሆናል። ልጁ ሲቀዳ፣ ሲያፈስስ፣ ሲሰፍርና ሲጫወት ውሎ፣ ያየውን ነገር በአሳቡ ወደ ኋላ መመለስን ተማረ። ፒያዤ ዋና አድርጎ ያስተማረው ይህን ነው፤ ልጅ እንደ እንስራ ዕውቀት የሚሞላበት ዕቃ አይደለም፣ ዕውቀቱን በእጁና በአሳቡ የሚሠራ ሠራተኛ ነው።

ፒያዤ ራሱ ሕፃናትን አሳንሶ ያየበት ቦታ አለ። ከስምንት ወር በታች ያለ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ነገር መኖሩን አያውቅም ብሎ ነበር። ረኔ ባያርዦንና ባልደረቦቿ በ1985 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ የአምስት ወር ሕፃናት አንድ ሣጥን በጋሻ ከተሰወረባቸው በኋላ ጋሻው በሣጥኑ ቦታ ላይ ምንም እንደሌለ ሆኖ ሲያልፍ ቢያዩ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጠው ይመለከታሉ። እጃቸው ፈልጎ ማግኘት ባይችልም ዓይናቸው «እዚያ አንድ ነገር ነበረ» ይላል።

ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ በ2014 የታተመው የአሊሰን ጎፕኒክና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንድ ቁራጮች ሲቀመጡበት የሚበራና የሚያዜም አንድ መሣሪያ እንዲያዩ ተደረገ። መሣሪያውን የሚያበራው ለብቻው የሚሠራ አንድ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለት ቁራጮች አብረው ካልተቀመጡ አይበራም። ይህን ሁለተኛውን፣ ያልተለመደውን ሕግ ከተማሪዎቹ ይልቅ ሕፃናቱ በቀላሉ ተቀበሉት። ተማሪዎቹ ከልምዳቸው «ምክንያቱ አንድ ነገር መሆን አለበት» የሚል አሳብ ይዘው ስለ መጡ ዓይናቸው ያየውን ለማመን ዘገዩ። ልምድ መንገድ እንደሚያሳይ ሁሉ መንገድ እንደሚዘጋም ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ሕፃን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ልጅ እንዲህ አይጠይቅም» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። የምንዘጋው አፍ ብቻ አይደለም፤ እኛ ከልማድ ብዛት ልናየው የማንችለውን ነገር ሊያይ የሚችል ዓይን ጭምር ነው።

፪. ብቻውን የሚያድግ አሳብ የለም

ፒያዤ በተወለደበት ዓመት የተወለደውና በ1934 ገና በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው ሌቭ ቪጎትስኪ ሌላ ነገር አክሎአል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ፣ ልጅ ዛሬ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና ዐዋቂ ጥቂት ቢያግዘው ሊሠራው በሚችለው መካከል አንድ ስፍራ አለ። ትምህርት የሚሠምረው በዚያ ስፍራ ነው። ዛሬ በእገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ ማታ ልጆች ተሰብስበው «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ሲባባሉ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ተብሎ ሲጠየቅ ትንሹ ልጅ በመጀመሪያ ልቡ ላይ የመጣለትን «በሬ» ይላል። ታላቁ ወዲያው መልሱን አይነግረውም፤ «በሬ ማታ አይተኛም እንዴ?» ይለዋል። ትንሹ ተመልሶ ያስባል፤ ሁለቱን ቃል፣ ውሎውንና አዳሩን፣ አንድ ላይ ይይዛል፤ በመጨረሻም «ወንዝ» ይላል። ባያገኘው አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ ነገ ደግሞ ጠያቂው እርሱ ይሆናል።

በቅኔ ቤትም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ተማሪው በአንድ ጊዜ ወደ መወድስ አይወጣም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ ከዚያም በየደረጃው እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ መንገዱን ካሳየው በኋላ ተማሪው ለብቻው ፈንጠር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመለስ ይነግራል፤ ይታረማል። ትናንት የተባለውን መድገም አይፈቀድለትም፤ የራሱን ሰምና ወርቅ ራሱ ማግኘት አለበት። ችግርን መፍታት የሚማሩት እንዲህ ነው፤ ከዐቅም ጥቂት ከፍ ያለ ሥራ፣ ብቻ የሚቀመጡበት ጊዜ፣ ከዚያም የሚያርም ሰው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ግን አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። አሳብ የሚያድገው በአካል ውስጥ ነው። በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ ነበር። እንዲህ ያለው እጥረት የሚጎዳው አጥንትን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ነው። ስለዚህ «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ከማለታችን በፊት «ይህ ልጅ በልቷል ወይ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

፫. የወጣትነት አሳብ

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በሰው አሳብ ላይ አዲስ ኃይል ይጨመራል። ልጅ ባለው ነገር ላይ ያስባል፤ ወጣት ግን በሌለው ነገርም ላይ ያስባል። «እንዲህ ባይሆንስ ኖሮ?» ብሎ ይጠይቃል። ፍትሕ ምንድን ነው፣ አባቴ የሚያምነውን የማምነው ለምንድን ነው ይላል። ወላጆች ይህን ዕድሜ የክርክር ዕድሜ አድርገው ያማርራሉ፤ ነገር ግን ክርክሩ የአዲሱ ኃይል ድምፅ ነው። ይህ ኃይል ባይኖር ኖሮ አንድም ትውልድ ከአባቶቹ የተሻለ ነገር ባላሰበ ነበር።

ይሁን እንጂ ኃይሉና ልጓሙ በአንድ ቀን አይደርሱም። ስሜትንና ችኮላን የሚገታው፣ ነገ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚመዝነው የአንጎል የፊተኛው ክፍል እድገቱን የሚፈጽመው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ መሆኑን የዘመኑ ምርምር አሳይቶአል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ እኛን ወጣቶችን በጣም ሊያሳስበን ይገባል። ሰዎች በኮምፒዩተር መኪና የመንዳት ጨዋታ እንዲጫወቱ አደረጉ፤ የትራፊክ መብራቱ ሲለወጥ መቆም ወይም ለማለፍ መድፈር ይችላሉ። ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሆነው ሲመለከቱ ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ደፋሮች ሆኑ። ዕድሜያቸው ከ24 ዓመት በላይ የሆነውን ግን የጓደኞቻቸው መኖር ይህን ያህል አልለወጣቸውም። እንግዲህ ወጣቱ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የዕድሜ እኩዮቹ ዓይን ሲያርፍበት ሚዛኑ ይለወጣል።

ይህ በአገራችን ከጨዋታ ያለፈ ነገር ነው። ስንት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከእኩዮቻቸው ጋር ብቻ መክረው፣ ለእናታቸው እንኳ ሳይነግሩ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር በሌሊት ተነሥተዋል? ከመካከላቸው በባሕርና በበረሃ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። መነሻው ድህነትና ሥራ ማጣት መሆኑን አንክድም፤ ለዚህም ተጠያቂዎቹ ልጆቹ አይደሉም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ይህን የሚያህል ውሳኔ አንድ ዕድሜ ብቻ በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ ሊወሰን አይገባውም።

በቅዱስ መጽሐፍ የንጉሥ ሮብዓም ታሪክ የሚታወስ ነው። ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልን ባለው ጊዜ በመጀመሪያ ሽማግሌዎችን ጠየቀ፤ ምክራቸውን ትቶ ከእርሱ ጋር ያደጉትን ወጣቶች ሰማ፤ መንግሥቱም ለሁለት ተከፈለ። ይህን ታሪክ በወጣቶች ላይ የሚያነሡብን ብዙዎች ናቸው። በሶስና ታሪክ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን አንርሳ። በዚያ ሐሰተኞቹ ምስክሮች የተከበሩ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ እውነቱን ያወጣው ወጣቱ ዳንኤል ነው። ያወጣውም በጩኸት ሳይሆን በዘዴ ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን ጠየቀ፤ መልሳቸው አልገጠመም። ሕዝቡ ሁሉ ሽበትን አይቶ ባመነበት ሰዓት አንድ ወጣት ለመጠየቅ ባይደፍር ኖሮ ንጽሕት ሴት በድንጋይ ተወግራ በሞተች ነበር።

፬. የሽበት አሳብ

ብዙ ሰዎች የሰው አእምሮ እስከ ሃያ አምስት ዓመት ወጥቶ ከዚያ በኋላ እንደ ቁልቁለት መንገድ የሚወርድ ይመስላቸዋል። የጥንት ፈተናዎችም ይህን የሚደግፉ ይመስሉ ነበር። ዋርነር ሻዬ ግን በ1956 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ 500 ሰዎችን ፈትኖ፣ እነዚያኑ ሰዎች በየሰባት ዓመቱ እንደገና መፈተን ጀመረ፤ በየጊዜውም ሌሎችን ጨመረበት። ያገኘው ነገር አስተማሪ ነው። የሃያ ዓመቱን ወጣት ከሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ጋር ስናወዳድር የምናወዳድረው ሁለት ዕድሜዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ዘመናትን ነው፤ ሽማግሌው በልጅነቱ ወጣቱ ያገኘውን ትምህርት አላገኘም። አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ስናወዳድረው ግን የዓይንና የእጅ ፍጥነት ቀደም ብሎ ቢቀንስም፣ የቃላት ዕውቀትና ነገርን ከነገር የማገናዘብ ችሎታ እስከ ጎልማሳነት ያድጋል፤ አብዛኛውም እስከ ስድሳ ዓመት ገደማ ድረስ ይህ ነው የሚባል መቀነስ አይታይበትም።

ሬይመንድ ካተልና ጆን ሆርን ይህንን ሁለት ስም ሰጥተውታል። አንዱ አዲስ ነገር ሲመጣ ቶሎ የሚፈታው ፈሳሹ ችሎታ ነው፤ ይህ በወጣትነት ይበረታል። ሁለተኛው በኑሮና በትምህርት የተከማቸው የረጋ ችሎታ ነው፤ ይህ ከዓመታት ጋር ያድጋል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ በ1984 ስለ ታይፒስቶች ያሳተመው ጥናት ሁለቱ እንዴት እንደሚረዳዱ ያሳያል። በዕድሜ የገፉት ታይፒስቶች ጣታቸው ከወጣቶቹ የዘገየ ነበር፤ በሥራ ፍጥነት ግን እኩል ነበሩ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ በዕድሜ የገፉት ከሚጽፉት ቃል አልፈው ከወጣቶቹ ይልቅ ራቅ ያለውን ፊደል አስቀድመው ያነብቡ ነበርና ነው። ፍጥነት የወሰደባቸውን አርቆ ማየት መለሰላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልምድ የሚጠቅመው በደከሙበት ሙያ እንጂ በሁሉ አይደለም። ሚሼሊን ቺ በ1978 ባሳተመችው ጥናት፣ ቼዝ የሚችሉ አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የቼዝ ጠጠሮችን አቀማመጥ በማስታወስ ጨዋታውን በደንብ ከማያውቁ ዐዋቂዎች በልጠው ተገኝተዋል፤ ቁጥር በማስታወስ ግን ዐዋቂዎቹ በለጡ። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ሰውን ዐዋቂ አያደርገውም፤ ዕድሜ ጊዜ ይሰጣል፤ በጊዜው ምን ሠራህበት የሚለው የእያንዳንዳችን ነው።

ያልተማሩ ሽማግሌዎቻችንን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 በኡዝቤኪስታን ገበሬዎችን ጠይቆ ነበር። «በሩቅ ሰሜን በረዶ ባለበት አገር ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምሊያ በሩቅ ሰሜን ናት፤ በዚያ ያሉ ድቦች ምን ዓይነት ቀለም አላቸው?» ሲላቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩት ብዙዎች «እዚያ አልሄድንም፤ ያየውን ጠይቁ» የሚል መልስ ሰጡ። ጥቂት የተማሩት ግን ከተነገራቸው ቃል ተነሥተው «ነጭ» አሉ። ትምህርት አንድ የአስተሳሰብ መንገድ እንደሚከፍት ይህ ያሳያል። ነገር ግን የእነዚያ ገበሬዎች መልስ ሞኝነት ነውን? ላላዩት ነገር አልመሰክርም ማለት በፍርድ ሸንጎ ቢሆን ኖሮ ጨዋነት ተብሎ ይመሰገን ነበር። ዛሬ በእጅ ስልኩ የመጣለትን ወሬ ሳያይ ለሺህ ሰው የሚያስተላልፍ የተማረ ወጣት ከእነርሱ የሚማረው አለው።

ለሰው ጠብ መፍትሔ በመፈለግ ረገድስ? ኢጎር ግሮስማንና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት በሰዎች መካከል ስለተነሣ ግጭት የሚናገር ታሪክ አቅርበው ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ነገሩን ከሁለቱም ወገን ዓይን በማየት፣ የማስታረቂያ መንገድ በመፈለግና «ይህን አላውቅም» በማለት ከወጣቶቹ በልጠው ተገኙ። አገራችን ዕርቅን ለሽማግሌ መስጠትዋ ያለ ምክንያት አልነበረም።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ለሚለውም መልስ አለ። ሻዬና ሼሪ ዊሊስ በ1986 እንዳሳተሙት፣ ዕድሜያቸው ከ64 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የአምስት ሰዓት ያህል ልምምድ ብቻ ተሰጥቶአቸው ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ተሻሻሉ፤ ችሎታቸው ቀንሶ ከነበሩትም 40 ከመቶ የሚሆኑት ከ14 ዓመት በፊት ወደ ነበሩበት ተመለሱ። የመርሳት በሽታ እርጅና ሳይሆን በሽታ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከዚህ በሽታ 45 ከመቶ ያህሉን ሊለወጡ ከሚችሉ ምክንያቶች ጋር አያይዞታል፤ ከእነዚህም መካከል የትምህርት ማነስ፣ የጆሮ መድከምና ብቸኝነት ይገኛሉ። ስለዚህ አያታችንን በጓዳ አስቀምጠን ሳናነጋግራት መዋል በትሕትና ላይ የሚፈጸም በደል ብቻ አይደለም፤ አሳቧንም የሚያደክም ነው።

፭. የሰሎሞን እንቆቅልሽ

«እንግዲያው የሸመገለ ሁሉ ጥበበኛ ነው?» ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። አይደለም። ለጎረቤቱ ዕርቅ አውርዶ ከገዛ ወንድሙ ጋር በድንበር ሃያ ዓመት የሚካሰስ ሽማግሌ ሁላችንም እናውቃለን። ግሮስማንና ኢታን ክሮስ በ2014 ይህን ነገር መርምረው ስሙን በንጉሥ ሰሎሞን ሰይመውታል፤ ሰሎሞን የሌላውን ሰው ክርክር በጥበብ ፈትቶ የራሱን ቤት ግን መምራት ተስኖት ነበርና። በጥናታቸው ሰዎች ስለ ጓደኛቸው ችግር ሲያስቡ ስለ ራሳቸው ችግር ከሚያስቡበት ጊዜ ይልቅ በማስተዋል አሰቡ። በዚህ ድካም ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ነበሩ። የራሳቸውን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ራቅ አድርገው እንዲያዩት ሲደረግ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

በእኛ አስተያየት የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው። ማስተዋል በአንድ ዕድሜ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቀን አይደለችም። ሕፃኑ ልማድ ያልዘጋው ዓይን አለው፤ ወጣቱ የሌለውን የማየትና የመጠየቅ ድፍረት አለው፤ ጎልማሳው የሙያ ብልሃት አለው፤ ሽማግሌው ሁለቱን ወገን የማየት ትዕግሥት አለው። ለእያንዳንዱ የተሰጠው ሌላው የጎደለው ነው፤ የራሱንም ጉድለት ለማየት እያንዳንዱ ሌላውን ይፈልጋል። እንግዲህ ሌላውን ዕድሜ ዝም ማሰኘት ነውር ብቻ ሳይሆን የራስን ዓይን መጋረድ ነው።

ስለሆነም ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚከተሉትን በልባችን እንያዝ። ሕፃን ሲጠይቀን መልሱን ባናውቀው እንኳ «እስቲ አብረን እንይ» እንበለው። ከባድ ውሳኔ ሲያጋጥመን ከእኩዮቻችን ጋር ብቻ አንወስን፤ አንድ ሌሊት እናሳድረው፤ ከእኛ በዕድሜ የራቀ አንድ ሰው እንጠይቅ። ሽማግሌን ስንጠይቅ «ምን ላድርግ?» ብቻ ሳይሆን «እርስዎ ያን ጊዜ እንዴት አሰቡት?» ብለን መንገዱን እንጠይቅ። የራሳችን ጉዳይ ሲያናድደን የጓደኛችን ጉዳይ አድርገን እንመዝነው። እናንተም አባቶችና እናቶች፣ በጉባኤ ላይ ወጣቱ እጁን ሲያነሣ ዕድሜውን ከመቁጠራችሁ በፊት ቃሉን ስሙት፤ ቃሉ ቢጎድል ታርሙታላችሁ፤ ካልተሰማ ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።

ልጅ ያቦካው ለእራት ሳይበቃ የሚቀረው ልጅ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱንና ውኃውን የሚመጥንለት ሰው አጠገቡ ስለሌለ ነው። እናት መጠኑን እያሳየችው፣ እርሱም በጉልበቱ ቢያሸው ሊጡ ለእራትም ይበቃል፣ ለቁርስም ይተርፋል።